ሦስት ሆነን ድንኳኑ ደጃፍ የቆምን ለታ

ከተመለስን ሁለተኛ ሳምንታችን ነው፤ ጫማዬ ግን አሁንም አልደረቀም። በረንዳው ላይ አስቀምጬው በወጣሁ በገባሁ ቁጥር አየዋለሁ። ሲያትል ተቀምጠሽ ያን ጫካና ያን ውቅያኖስ ሳታዪ እያሉ ሲነዘንዙኝ ለነበሩ ሁሉ፣ ይኸው አየሁ። አገር ቤት ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ግን ምናልባት በዚያ በኩል የማለፍ ዕድሉ አይገጥማችሁም፤ ስለዚህ የሆነውን ከመነሻው ልንገራችሁ። ከዛፉ ይልቅ የራሳችንን ጉድ ባበዛ አትታዘቡኝ፤ ዛፉ የትም አይሄድም።

የሄድነው አራት ሆነን ነው፤ ሁላችንም ሲያትልና ዙሪያዋ ነን። ብሩክና ሚስቱ ሜሮን ቢከን ሂል ይኖራሉ። ብሩክ ሆቴል ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ሲሆን፣ እዚህ አገር ከመጣ ወዲህ ተራራ ካልወጣሁ የሚል አመል ይዞታል። አለማየሁ የኬንት ሰው ነው፤ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል። እሱና ብሩክ ደብረ ብርሃን አንድ ሰፈር፣ አንድ ኳስ ሲራገጡ ያደጉ ናቸው። እኔ ሰናይት እባላለሁ። ቤቴ ማውንትሌክ ቴራስ ነው፣ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። ቶሎ ትቆጣለች ይሉኛል፤ ውሸታቸውን ነው፣ የሚያስቆጣ ሲበዛ ነው።

ዓርብ

በጠዋት እንነሣለን ተባብለን የተነሣነው ምሳ ከተበላ በኋላ ነው። ይህ አይገርማችሁም።

አለማየሁ እስከ መጨረሻው ልቅር ሲል ነበር። እናቱ እማማ ጥሩወርቅ በቅርቡ ደብረ ብርሃን ላይ የሐሞት ጠጠር ተብለው ኦፕራሲዮን ተደርገዋል። ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው ገብተዋል፤ ልጃቸው ግን በየማታው ከሥራ ሲወጣ ሳይደውልላቸው አያድርም። እዚህ ሲመሽ እዚያ ይነጋልና የእሱ ማታ የእሳቸው ማለዳ ነው።

«ነገ ማታ ብቻ ነው ሲግናል የማይኖረው» አለው ብሩክ መሪውን እንደያዘ። «እሑድ ጠዋት ወጥተን ኮል ታደርጋለህ። ሶ፣ በአንድ ቀን ምን ይሆናሉ?»

«ምንም አይሆኑም፣ አንተ ነህ የምታማቸው» አልኩ እኔም። ይህን ማለቴን ያዙልኝ።

ከኤድመንድስ ወደብ መርከብ ተሳፈርን። ተሳፈርን ስላችሁ በእግራችን አይደለም፤ መኪናዋን ከነነፍሳችን ነድተን መርከቡ ሆድ ውስጥ ፓርክ አደረግናት። እኔ ከዚያ መርከብ አፍንጫ ሥር ስንት ዓመት እየኖርኩ አንድም ቀን ወጥቼበት አላውቅም። ባሕር ብዬ የማውቀው ላንጋኖን ነው። ሰዉ ቡናውን እየጠጣ ጋዜጣውን ሲያነብ እኔ የመኪናዋን በር እጀታ ጨብጬ ስሰግድ ተሻገርን ብላችሁ አትሳሳቱም።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ጥድ፣ ሐይቅ፣ ጥድ፣ ዝናብ ነው። በሐምሌ! ሲያትል ፀሐይ ትተን ወጥተን፣ ተራራውን ዞር እንዳልን አዲስ አበባ ክረምት ውስጥ የገባን መሰለኝ፤ የጎርፍና የጃንጥላ ሻጭ ብቻ ነው የጎደለው። ፎርክስ የምትባለውን ትንሽ ከተማ ጥቂት አለፍ ብሎ ወንዝ ዳር አንዲት የእንጨት ቤት ተከራይተን ነበር። ባለቤቷ ዶሪስ የሚባሉ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ ባልቴት ናቸው፤ ጎን ባለው ቤት ይኖራሉ። ስንዘገይባቸው ፈርተው በረንዳ ላይ ቆመው ጠበቁን። ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ድስት ሾርባ አስቀምጠውልናል። ድንችና ዓሣ፣ በወተትና በቅቤ።

አራታችንም ተያየን። ዓርብ ነው። ሜሮን ማንኪያ ይዛ «ውይ፣ ምን ይሻላል?» አለች በአማርኛ፣ ፈገግታዋን ሳታጠፋ። ሴትዮዋ ደግሞ እስክንቀምስላቸው ቆመው ይጠብቃሉ። በመጨረሻ አለማየሁ ነው ደፍሮ ጾም መሆኑን የነገራቸው። እኔ ይቀየማሉ ብዬ መሬት መሬቱን አየሁ። እሳቸው ግን ድስቱን አንሥተው፣ «ማወቅ ነበረብኝ» ብለው ሄዱና ከደቂቃዎች በኋላ በሽንኩርትና በዘይት የተጠበሰ ድንች፣ ባቄላና ዳቦ ይዘው ተመለሱ። ምን ያውቁ ኖሯል? ደነገጥኩ እኮ። እኔ በሥራ ቦታዬ ስንት ዓመት ሙሉ ስለ ዓርብና ረቡዕ ሳስረዳ፣ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሳይጠይቀኝ የተረዳኝ የለም። ሾርባውን እሑድ ስትመለሱ አሞቅላችኋለሁ አሉን።

ማታ በዶሪስ ዋይፋይ አለማየሁ እናቱን በቪዲዮ አገኘ። እማማ ጥሩወርቅ እንደ ሁልጊዜው ስልኩን ግንባራቸው ላይ ደግነውታል። «ደህና ነኝ ልጄ፣ ትንሽ ደከም ብሎኛል፣ ጋደም ልበል» አሉና ስልኩን ለልጃቸው ለሰብለ አቀበሉ። ሰብለም «መድኃኒቱ ነው፣ አታስብ» ብላ ቶሎ ዘጋች። አለማየሁ የተዘጋውን ስልክ ደጋግሞ አየው።

ቅዳሜ

ጠዋት ዕቃ ስጭን ብሩክን ከቤቱ ጀርባ አየሁት። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ በሹክሹክታ ያወራል። ሲያየኝ «ኦኬ፣ ኦኬ፣ በኋላ» ብሎ ዘጋው። «ማን ነው?» ብለው «ሥራ ነው» አለኝ። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም።

ጫካውን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? የመናገሻን ጫካ ያያችሁ፣ እሱን አስቡና ለብዙ ሺህ ዓመት ማንም መጥረቢያ ይዞ ያልገባበት አድርጉት። ዛፉ ቀና ብላችሁ ጫፉን ስትፈልጉ ነጠላችሁ ከራሳችሁ ይወድቃል። ከቅርንጫፉ ሁሉ አረንጓዴ ሽበት ተንዠርግጓል። ዝናቡ ይዘንባል ማለት አይቻልም፤ ዝም ብሎ አየሩ ውስጥ አለ። ግን ክው ያደረገኝ የቆመው አይደለም፣ የወደቀው ነው። ከቤቴ ሳሎን የሚረዝም ግንድ ተጋድሞ ይበሰብሳል፤ ጀርባው ላይ ልጆቹ ተሰልፈው በቅለዋል። ዞር ስትሉ ሌላ፣ ዞር ስትሉ ሌላ። ጭራሽ ስንጥር እንኳ መውሰድ ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል።

«እኛ ሰፈር አንዱ ቢወድቅ እስከ ማታ ቅርፊቱም አይገኝ» አልኩ።

አለማየሁ ቪዲዮ እየቀረጸ ነው። «እማዬ ብታየው "ባለቤት የለውም እንዴ?" ነበር የምትለው» አለና ለብቻው ሳቀ። በዚያን ቀን ደጋግሞ ስልኩን አውጥቶ ሲግናል አለ ወይ እያለ ወደ ሰማይ ከፍ ያደርገው ነበር። የለም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ውቅያኖሱ ወረድን። መኪናዋን አቁመን፣ ጓዝ በጀርባችን አዝለን፣ ጭቃ ለጭቃ ብዙ ተጓዝን። እኔ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፤ ጫማዬ የራሰው ያን ጊዜ ነው። ውቅያኖሱን ሳላየው ድምፁን ሰማሁት። የሆነ ከባድ መኪና የሚገለበጥ መስሎኝ ነበር። ከዛፎቹ ስንወጣ አሸዋው፣ ከአሸዋው ወዲያ ደግሞ ማለቂያ የሌለው ግራጫ ውኃ፤ ቤት ያህል ድንጋዮች መሀሉ ቆመው እየተገረፉ። ሱቅ የለ፣ ጀልባ የለ፣ ሰው የለ። ላንጋኖን ይቅርታ ጠየቅሁት።

ድንኳን የምንተክልበት ቦታ ከአንድ ገደል ማዶ ነው። ገደሉ ወደ ባሕሩ ገፍቶ ስለ ወጣ የሚታለፈው ባሕሩ በሚሸሽበት ሰዓት፣ ከሥሩ ባለው አለት ላይ ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ ማዕበሉ ይዘጋዋል። ብሩክ የሚሸሽበትን ሰዓት አጥንቶ ነበርና አመሻሽ ላይ ተሻገርን። «ነገ ማለዳ እንደገና ይሸሻል። ስታርፊሹን፣ ያን አለት ላይ የሚለጠፍ ኮከብ መሳይ የባሕር እንስሳ፣ ምኑን አይተን በዚያው እንወጣለን። ካለፈን ግን እስከ ማታ እስረኛ ነን» አለ።

«እኔን ሳትቀሰቅሱኝ እንዳትቀሩ» አለ አለማየሁ። «ቶሎ ወጥቼ ልደውልላት።»

ቆሏችንን፣ ዳቦ ቆሏችንንና የሜሮንን ድፎ ዳቦ፣ ራኩን የሚባል ሌባ አውሬ እንዳይከፍተው ተብሎ በተሠራ በርሜል መሳይ ነገር ውስጥ ቆልፈን ተኛን። ድፎው ስላልገባ አራት ቦታ ቆርሰን ነው የጠቀጠቅነው። ሜሮን እስከ ዛሬ አልረሳችልንም።

እሑድ

ንጋት ላይ ብሩክ መጀመሪያ ሜሮንን፣ ቀጥሎ እኔን ቀሰቀሰን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እኔ ጋቢዬን ተከናነብኩ፣ ብሩክም የራሱን። ሜሮን በጨለማው ነጠላዋን እንደ ደረሰላት አጣፋችው፤ ጥለቱ ወደ አንገቷ ዞሯል። ከእኛ ራቅ ብሎ ድንኳን የተከለ አንድ ፈረንጅ ስለነበር እሱን እንዳንረብሽ ድምፃችንን አጥፍተን፣ ተከታትለን ሄደን የአለማየሁ ድንኳን ደጃፍ ላይ ቆምን።

ብሩክ ጉሮሮውን ጠረገ። «አሌ» አለ በቀስታ። «አሌ፣ ተነሥ እስቲ። ውጣ አንዴ።»

ዚፑ ተከፈተ። አለማየሁ አንገቱን ብቅ አደረገና አየን። ብሩክን አየ፣ እኔን አየ፣ የሜሮንን ነጠላ አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ደም ሁሉ ሲወርድ በዓይኔ አየሁት።

«እማዬ ናት?» አለ።

ሜሮን ምስኪን ምንም አልገባትም፤ የታመመ መስሏት «ተረጋጋ አሌ» አለችው። ከቃል ሁሉ መርጣ እሷን!

ያን ጩኸት ልጽፈው አልችልም። በጉልበቱ ወጥቶ አሸዋው ላይ ተደፋ፣ ደረቱን መታ፣ «ምነው እማዬ፣ ምነው ሳልደውልልሽ!» አለ። ያን ጊዜ ነው እኛን በእሱ ዓይን ያየሁት፤ ሦስት ሰው፣ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ዝም ብሎ ደጃፍ ላይ። መርዶ ነጋሪ ሌላ ምን ይመስላል? የሰው ልጅ ስታርፊሽ ለማሳየት እንዲህ ሆኖ ይመጣል?

ብሩክ ላዩ ላይ ወድቆ ያዘው። «አሌ! ማንም አልሞተም! ማርያምን! ውኃው ሸሽቶ እኮ ነው፣ ስታርፊሽ ልናሳይህ ነው!»

አለማየሁ ቀና ብሎ አየውና፣ «አባዬ ጊዜም ማርያምን ብለኸኛል» አለው።

ብሩክ እጁን ለቀቀ። እኔም የማውቀው ታሪክ ነው፣ ግን ረስቼው ነበር። የአለማየሁ አባት ያረፉ ጊዜ ሽማግሌዎቹ እስኪሰባሰቡ ተብሎ ለቀናት ተደብቆበታል። የደበቀውም ብሩክ ነው። በመጨረሻ አንድ ማለዳ ኬንት አፓርትመንቱ በር ላይ ተሰልፈው ነገሩት። ክፋት አልነበረውም፤ ሁላችንም እንዲህ ነው የተማርነው።

ከዚያ ወዲያ የተናገርነው ሁሉ ጠላታችን ሆነ። ደህና ናቸው ብንል፣ የሚደብቅ ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። ብንምልለት መሐላችን አይሠራም። እኔ ተቆጣሁ፤ «አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ!» ብዬ ጮህኩበት። ቶሎ ብዬ ደግሞ ውኃ ሰጠሁት፤ ውኃውን ሲያይ ጭራሽ ባሰበት። ስልክ የለም፣ ሲግናል የለም። እሱን ከአሸዋው አንሥተን፣ እጁን ይዘን ገደሉ ሥር ስንደርስ ባሕሩ ተመልሷል። ማዕበሉ አለቱን እየዘለለ ግድግዳውን ይመታል። ብሩክ አንድ እግሩን አስገብቶ እስከ ወገቡ ተነክሮ ወጣ። እስከ ማታ ታሰርን።

ራቅ ብሎ የሰፈረው ፈረንጅ ጩኸቱን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። ጢሙ የሸበተ፣ ባዶ እግሩን የሆነ ሰው ነው። ምን ተፈጠረ አለኝ። ማንም አልሞተም፣ እናቴ ሞታለች ብሎ አምኖ ነው አልኩት። ለምን እንዲህ አመነ? አለ። ሦስት ሆነን ስለ ቀሰቀስነው አልኩት። ሰውዬው ሲያየኝ፣ ሲያየኝ ቆየና ሌላ አልጠየቀም። በሳተላይት አጭር መልእክት የሚልክ ትንሽ መሣሪያ ነበረው። ለሰብለ ጻፍንላት። ብዙ ቆይቶ፣ «እማዬ ደህና ናት፣ ምን ሆናችሁ?» የሚል በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ መልስ መጣ። እፎይ አልኩ። ለአለማየሁ ዘረጋሁለት።

አነበበውና መለሰልኝ። «ሰብለም ያን ጊዜ አባዬ ደህና ነው ብላ ጽፋልኛለች። የእማዬን ድምፅ ካልሰማሁ አላምንም።»

ሰውዬው ደግሞ ደግ ነው፣ ትኩስ አጃ በድስት አፍልቶ አመጣልን። አለማየሁ ድስቱን አይቶ፣ «አየሽ ሰኒ፣ እዝንም መጣ» አለኝ።

ቀኑ እንዲህ ነው የዋለው። ውቅያኖሱን ቁጭ ብሎ ማየት እንደ ኑዛዜ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ቶሎ ሽሽ እያልኩ ስሰድበው ዋልኩ። ከሰዓት ላይ ባሕሩ የተፋው ግንድ ላይ አለማየሁ አጠገብ ተቀመጥኩ። ማልቀሱን ትቶ ነበር፤ ያ ይብሳል።

«ታውቂያለሽ» አለኝ፣ «አባዬ ሞቶ እኔ ሳላውቅ፣ ከብሩክ ጋር ሱቅ ሄጄ ጫማ ገዛሁለት። ጥቁርና ቡኒ ነበር። የቱ ይሻለዋል ብዬ ብሩክን ጠየቅሁት። ብሩክ አንሥቶ አየና፣ ቡኒው ይሻለዋል አለኝ። ተቀብሯል እኮ ሰኒ። ቡኒው ይሻለዋል አለኝ።»

በብሩክ ቦታ እኔ ብሆንም የምለው ያንኑ ነበር። ከፊታችን ብሩክ ጀርባውን ሰጥቶን ገደሉን ይጠብቃል። በንፋሱ ውስጥ ይስማ አይስማ አላውቅም።

«ከእንግዲህ ማንም ይሁን፣ አንቺ በቀን፣ ብቻሽን፣ በስልክ ንገሪኝ» አለኝ። «ኮል አድርጊና ሞተ በይኝ። ቃል ግቢልኝ።» ገባሁለት።

እዚያው እንደ ተቀመጥኩ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ብሩክ ቅዳሜ ጠዋት ከቤቱ ጀርባ ማንን ነበር የሚያናግረው? እማማ ጥሩወርቅ ዓርብ ማታ ስልኩን ለምን ቶሎ አቀበሉ? ምናልባት እውነት ቢሆንስ፣ ከእኔም ደብቀውኝ ቢሆንስ? ሜሮንን ሰርቄ አየኋት። ዝም ብላ ቆሎ ታሻለች። ሁሉን የሚያውቅ ሰው ትመስላለች። ለምን እንደሆነ ሳልናገር ተነሥቼ ሄድኩ።

አመሻሹ ላይ ባሕሩ እንደ ጠዋቱ ባይሆንም ሸሸልን። ፈረንጁ የአለማየሁን ጓዝ ደርቦ ተሸክሞ እስከ ማዶ አሻገረን፤ ሲለየን አለማየሁን አቅፎ እናትህን ሰላም በልልኝ አለው። ጭቃውን እንዴት እንዳለፍነው አላስታውስም። መኪናችንን ካቆምንበት ቅርቡ ዋይፋይ የዶሪስ ቤት ነው። ብሩክ እንደዚያ ሲነዳ አይቼው አላውቅም።

ዶሪስ ቤት ስንደርስ ፀሐይ ወንዙ ማዶ ልትጠልቅ ነው። እዚያ ሊነጋ ነው ማለት ነው። የአለማየሁ ስልክ ከዋይፋዩ ጋር ሲገናኝ ተንጫጫ። እሱ ግን አልነካውም። በረንዳው ደረጃ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠና፣ «አንቺ ደውዪ፣ እኔ አልችልም» አለኝ።

ደወልኩ፣ በእሱ ስልክ፣ በቪዲዮ። ብሩክና ሜሮን በሁለት ትከሻዬ ላይ ተደረቡ፤ ከብርዱ የተነሣ የጠዋቱን ጋቢና ነጠላ አላወለቅንም። ይጠራል። ይጠራል። በቃ፣ ሰብለ አንሥታ ትጮሃለች አልኩ ለራሴ።

ተነሣ። መጀመሪያ ጨለማ፣ ቀጥሎ የግንብ ግድግዳ፣ ቀጥሎ ግንባር። የእማማ ጥሩወርቅ ግንባር! ደስታው አፌን ዘጋው፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሜሮን ትንሰቀሰቃለች። ብሩክ ከንፈሩን ነክሷል። እሳቸው ስልኩን ራቅ አድርገው፣ ዓይናቸውን አጥብበው አዩን። ሦስታችንን አንድ በአንድ አዩ።

«አለማየሁስ?» አሉ።

ብሩክ እንደ ምንም ብሎ፣ «እማማ፣ ተረጋጉ» አላቸው።

አንቺ ምድር ዋጪኝ! ጎህ ሲቀድ፣ ሦስት ሰው፣ በጋቢ፣ እያለቀሰ፣ በልጃቸው ስልክ፣ ልጃቸው የሌለበት። ስልኩ ከእጃቸው ወደቀ። ጣሪያው ብቻ ይታያል፤ «ልጄን! ልጄን! አለማየሁን!» የሚለው ዋይታ ግን የዶሪስን በረንዳ ሞላው። በር ሲበረገድ፣ ጎረቤት ሲገባ ይሰማል።

አለማየሁ ከደረጃው ብድግ አለ። በሕይወቱ የሰማው ከሁሉ የሚጣፍጥ ድምፅ እሱ ነበር መሰለኝ፤ መጀመሪያ ቆሞ ሰማው። ከዚያ ስልኩን ነጠቀኝ። «እማዬ! አለሁ! እኔ ነኝ፣ አለሁ!»

ማን ሰምቶት! እዚያ ለቅሶው ደርቷል። ሰብለ ከስንት ጩኸት በኋላ ስልኩን ከመሬት አነሣችላቸው። እማማ ጥሩወርቅ የልጃቸውን ፊት አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቪዲዮ ነው» አሉ። «ቀድታችሁ ያስቀመጣችሁት ነው። ልጄን አትደብቁኝ። ብሩክ! ብሩክ የት አለ? አንተ ልጅ፣ ማርያምን በለኝ!»

አለማየሁ ስልኩን ወደ ብሩክ አዞረው። ብሩክ አፉን ከፈተ። ጓደኛውን አየ። አፉን መልሶ ዘጋ።

«እኔን አይመኑኝ እማማ» አለ። «ራሱን ያናግሩት።»

ዶሪስ ጩኸቱን ሰምተው በነጠላ ጫማ ወጥተው ነበር። ምንም ሳይጠይቁ ያቺን የዓርብ ሾርባ አሙቀው አመጡ። እሑድ ነው፣ ይበላል። እማማ ጥሩወርቅ ሾርባውን አይተው፣ «ብላ እስቲ፣ እያየሁህ ብላ» አሉት፤ የተቀዳ ቪዲዮ አይታዘዝማ። አለማየሁ ስልኩን ከጨው ዕቃው ጋር አስደግፎ መብላት ጀመረ። በዚያ በኩል ለለቅሶ የተሰበሰበው የደብረ ብርሃን ጎረቤት በሙሉ ከእሳቸው ኋላ ተጠጋግቶ ሲጎርስ ያየዋል። ዓርብ ማታ ለምን ቶሎ እንደዘጉ ጠየቃቸው፤ መድኃኒቱ በጠዋቱ እንቅልፍ አምጥቶብኝ ነበር አሉ። የብሩክ የምስጢር ስልክ ነገርም ተገለጠ፤ ፈቃድ ሳያገኝ ነበር የመጣው፣ እሑድን ሸፍንልኝ ብሎ የሥራ ባልደረባውን ሲለምን ነው። ሜሮን ስለዚህ ጉዳይ ቤት ስንገባ እንነጋገራለን አለችው።

አለማየሁ ሳህኑን ጨርሶ ማንኪያውን ሲያስቀምጥ እናቱ፣ «ጨምሩለት» አሉ። ዶሪስ አማርኛ አያውቁም፣ ግን ጨመሩለት። ሁለተኛውን እስኪጨርስ ስልኩ አልተዘጋም።